ወንድሜ የጠየቀው ቅልጥም አልነበረም

ወንድሜ መስፍን ደህና ሆኖ የዋለበት የመጨረሻ ቀን ዓርብ ነበር። ከሆስፒታል ለጥቂት ቀናት ወጥቶ ቤት ነበርን። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ የሱፍ ቆቡን ደፍቶ፣ የመኪናውን ቁልፍ ወረወረልኝ።

«ጓድ ብሩክ፣ ዛሬ ሾፌሬ ነህ» አለኝ።

ጓድ የሚለኝ ሊያናድደኝ ነው። ሁለታችንም ከአብዮቱ ጓዶች ሸሽተን ነው በሱዳን በኩል የወጣነው፤ እሱ ቀድሞ፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ተከትየው።

«ወዴት ነው?»

«ዌስትቼስተር። ሠራተኞቼን ልጎበኝ።»

ሠራተኞቼ የሚላቸው የሆቴል ሚኒባስ የሚነዱ ጓደኞቹን ነው። እሱም ከመታመሙ በፊት እዚያው ዌስትቼስተር፣ ሎስ አንጀለስ ኤርፖርት አጠገብ ላለ ሆቴል እንግዳ ያመላልስ ነበር። አውሮፕላኖቹ ዝቅ ብለው ከሚያልፉበት መንገድ ዳር ፓርክ አደረግሁ። ሰው ከሚበዛበት ቦታ እንዲርቅ በሐኪም ታዟል፤ ስለዚህ ከመኪናው ሳንወርድ፣ መስኮት ዘግተን ተቀመጥን። ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር መስፍን ይፈርዳል።

«እየው ይኼን! ሲግናል ሳያበራ ሌን ቼንጅ አደረገ። ይባረር!»

«አንተም አታበራም ነበር።»

«እኔ የምዞርበት ከፊቴ ያስታውቃል።»

አንዱ ሹፌር አየውና ጡሩምባውን ደጋግሞ ነፋለት። መስፍን እንደ ባለሥልጣን እጁን ቀስ አድርጎ አወዛወዘ።

ስንመለስ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በፌርፋክስ መንገድ በኩል እንድናልፍ ፈለገ። እትዬ ጽጌ ምግብ ቤት በር ላይ አቆምኩ። እትዬ ጽጌ እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ እንደ ታላቅ እህት የያዙን ሴት ናቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡና በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አሉ።

«ዛሬ ቅልጥም የለም» አሉት፣ ገና አፉን ሳይከፍት።

«ተመስገን!» አለ መስፍን።

ሦስታችንም ሣቅን። ለምን እንደሣቅን በኋላ እጽፈዋለሁ።

ቤት ስንደርስ መኪናው ውስጥ ትንሽ ቆየን። ደረጃውን ለመውጣት ጉልበት እያጠራቀመ እንደሆነ ገብቶኛል።

«እሑድ ስንት ሰው የሚመጣ ይመስልሃል?» አለኝ።

እሑድ የደም ምርመራ ቀን ነበረን። መቅኔው ለመስፍን የሚገጥም ሰው የምንፈልግበት ቀን። ሁለተኛችን ነው፤ በመጀመሪያው የመጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

«ብዙ» አልኩት።

«ውሸታም። አራት ከሆናችሁ ተሻሽላችኋል።» ቆቡን ወደ ጆሮው ጎትቶ፣ «ምንም ቢሆን እንዳትሰርዘው» አለኝ።

«ምን ይሆናል?»

«ዝናብ ሊሆን ይችላላ።»

«ሎስ አንጀለስ መቼ ዘንቦ ያውቃል?»

«እሱን ነው የምልህ። ሶ፣ የምትሰርዝበት ምክንያት የለህም።»

ይህን የምጽፈው ሰው አላዘነልንም ለማለት አይደለም። አዝኖልናል። አልቅሶልናል። እኛ ግን ከእንባው በፊት የፈለግነው ሌላ ነገር ነበር፤ እሱም ክንድ ውስጥ ያለ ትንሽ ደም ነው። እኔ የሐኪም ቋንቋ አላውቅም። እንደገባኝ እጽፋለሁ።

የጀመረው በድዱ ነው። ጥርሱን ሲቦርሽ ይደማል። ቡርሹ ጠንክሮ ነው ብሎ ለውጦ ገዛ። አዲሱም አደማው። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ድድህ ታሟል ብሎ አጸዳለት፤ ከዚያ ወዲያ እስኪመሽ ሲደማ ዋለ። ቀጥሎ ድካም መጣ። ሁለት ሺፍት ስለምትሠራ ነው አልነው። ጭኑና ክንዱ ላይ ሰማያዊ ነገር ወጣ። የእንግዳ ሻንጣ ሲያነሳ መትቶት ነው አልን። ለሁሉም ነገር ምክንያት ነበረን።

አንድ ክሊኒክ ደም ማነስ ነው ብሎ የብረት ኪኒን ሰጠው። ሌላው ጉንፋን ነው፣ ተኛ አለው። እትዬ ጽጌ ምች ነው ብለው ከየት እንዳገኙት የማላውቀውን ዳማከሴ አሽተው አጠጡት። በእትዬ ጽጌ አልፈርድም፤ ሁለቱ ሐኪሞች ከሳቸው የተሻለ አላወቁም።

አንድ ቀን ኤርፖርት በር ላይ ሚኒባሱን አቁሞ ወረደና፣ ተመልሶ መውጣት አቃተው። እግሩን አንስቶ ደረጃው ላይ ማድረግ አቃተው። እንግዶቹ ሻንጣቸውን ራሳቸው አወረዱ። ከዚያ ነው ወደ ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል የወሰድነው።

የድንገተኛው ክፍል መጠበቂያ ቦታ ወንበሮቹ እርስ በርስ በብረት የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲነቃነቅ ረድፉ ሁሉ ይነቃነቃል። ብርድ ነበር። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት የሜክሲኮ አሮጊት መስፍን ሲንቀጠቀጥ አዩና የለበሱትን ሹራብ አውልቀው እግሩ ላይ ጣሉለት። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ እኛ ስፓኒሽ አናውቅም። የማን ልጅ ናችሁ ብለው አልጠየቁንም። ይህን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

ሉኪሚያ ነው አሉን። የደም ካንሰር። ሐኪሙ እንዲህ አስረዳን። ደም የሚሠራው አጥንት ውስጥ ባለው ለስላሳ ነገር ነው። የመስፍን አጥንት ውስጥ ያለው ፋብሪካ ተበላሽቶ እርባና የሌለው ደም በብዛት ያመርታል፤ ደህናው ደም ቦታ አጣ። ድዱ የደማው፣ ክንዱ የበለዘው በዚህ ነው።

ከክፍሉ ስንወጣ መስፍን መጀመሪያ ያለኝ ነገር ምን ነበር? «ለሰው እንዳትናገር።»

እንዲህ ነን እኛ። ለጠየቀን ሁሉ ጨጓራ ነው አልን። ጨጓራ የማይጠረጠር በሽታ ነው፤ ሐበሻ ሁሉ አለበት። እትዬ ጽጌ እንኳ ጠጉሩ ሲረግፍ እያዩ ጨጓራ ነው ስንላቸው አመኑን፣ ወይም ያመኑ መሰሉ። በጨጓራ ስም ወራት አለፈ። በነዚያ ወራት ውስጥ የሚገጥም ሰው መፈለግ እንችል ነበር። የታመመ ያላችሁ ሰዎች፣ በሽታው ሌባ አይደለም፤ ምን ያሳፍራል? ስሙን ጠርታችሁ ተናገሩ።

መድኃኒቱ ከባድ ነበር። አፉ ውስጥ ቁስል ሞላ፤ ውኃ መዋጥ እንኳ ያስለቅሰው ነበር። ሌሊት ትኩሳቱን ስለካ ቴርሞሜትሩን ለማየት እፈራና ገልብጬ እይዘዋለሁ። ግን ዳነ። በሽታው ጠፋ አሉን። ጠጉሩ በቀለ፤ ከበፊቱ ይልቅ ለስላሳ ሆኖ። ወደ ሥራ ተመለሰ። እትዬ ጽጌ ቤት ጥብስ አዘን ጨጓራውን አማን።

በሽታው ግን ተመልሶ መጣ። አሁን የቀረው መንገድ አንድ ነው አሉን፤ የራሱን መቅኔ አጥፍቶ የሌላ ጤነኛ ሰው መቅኔ መተካት። ሰውየው ግን ለመስፍን መግጠም አለበት። የመግጠሙ ነገር ከዘር የሚወረስ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየው ወንድምና እህት ነው።

እኔ ደሜን ለምርመራ ሰጥቼ ነገሩ አልቋል ብዬ ነበር። ወንድሙ ነኝ። ደማችን አንድ ነው። ሊንዳ የምትባለው ነርስ አትገጥምም ስትለኝ ቃሉ አልገባኝም።

«እንደገና ይታይ» አልኳት።

«ሁለት ጊዜ አይተነዋል» አለች። «ከአንድ እናትና አባት የተወለዱም ብዙ ጊዜ አይገጥሙም።»

መስፍን አልጋው ላይ ሆኖ ያየኛል። «ምን ያስደንቅሃል?» አለኝ። «እኔና አንተ ጫማ እንኳ ገጥሞን አያውቅም።»

እውነቱን ነው። የሱ አሮጌ ጫማ ሲደርሰኝ ሁልጊዜ ጋዜጣ ጠቅጥቄ ነበር የማደርገው።

እህታችን አዲስ አበባ ናት። የመውጫ ፈቃድ ጠየቀች፤ ከለከሏት። እንደገና ጠየቀች። ከሊንዳ ጋር ቁጭ ብለን ሌላ መንገድ ያየነው ያኔ ነው። በዚህ አገር መቅኔ ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች የሚመዘገቡበት ቦታ በቅርቡ ተከፍቷል። የመስፍን ዓይነት ተፈለገ፤ ጠፋ። የተመዘገቡት አብዛኞቹ ነጮች ናቸው። ከኛ ሰው አንድም የለም ማለት ይቻላል።

«የሚገጥመው ካለ የመገኘት ዕድሉ የሚበልጠው በናንተ ሰዎች ዘንድ ነው» አለችኝ ሊንዳ። «ሰዎችህ የት ነው የሚሰበሰቡት?»

የት እንሰበሰባለን? ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ ላይ።

በዚያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ንጉሤ ተነስቶ ተናገረልን። ጋሼ ንጉሤ ድሮ ለትምህርት መጥቶ የቀረ ሰው ነው፤ ታክሲ ይነዳል፤ ሰው ሲቸገር ገንዘብ የሚያሰባስብ፣ ፍርድ ቤት አብሮ የሚቆም እሱ ነው። ቀልዱን ደግሞ ከተማው ሁሉ ይደግመዋል። በጥሩ አማርኛ እንዲህ አለ፤

«ወገኖቼ፣ ወንድማችን መስፍን ያለበት ጨጓራ አይደለም። ጽኑ ሕመም ታሟል። ሐኪሞቹ የሚያድነው መቅኔ ብቻ ነው ብለዋል። መቅኔ ያስፈልገዋል። እባካችሁ እንድረስለት።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። «እንደርሳለን» አሉ። እኔ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ደረሱ። በማግሥቱ በሩ ተንኳኳ፤ እትዬ ጽጌ ድስት ተሸክመዋል። ቅልጥም ነው። ሌላ ተንኳኳ፤ ቅልጥም። ሥጋ ቤቱ ያለውን አጥንት ሁሉ ሳይሸጥላቸው አልቀረም። አንዱ ሹፌር በላስቲክ ሙሉ ጥሬውን አምጥቶ፣ «ሰንጥቀህ አፍላለት፤ መቅኔው ብቻ ነው የሚያድነው ተብሏል አይደል?» አለኝ። ጾም ነበር። ዐቢይ ጾም! ሥጋ ማሽተት የማይፈልጉ ሴቶች አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ለመስፍን መረቅ ሲያፈሉ ነበር። ፍሪጁ በአጥንት ሞልቶ አልዘጋ አለ።

መስፍን ከሶፋው ላይ ያየውና፣ «ጓድ ብሩክ፣ በሬ ነው የምሆነው?» አለኝ። ሆዱን ይዞ ሣቀ፤ ቀጥሎ ድዱ ደማ።

ይህን ስጽፍ እኔም ያስቀኛል። ግን እዩት። ይህ ሕዝብ ለመስጠት ሰስቶ አያውቅም። የሰማውን ያህል ሰጠ። ስለዚህ የሚቀረኝ ማስረዳት ብቻ ነው አልኩ።

እየዞርኩ አስረዳሁ። የሚፈለገው የሰው መቅኔ ነው፤ ከሰው የሚወሰድ። እትዬ ጽጌ ሰሙኝና፣ «ከኔ ይውሰዱ» አሉ፤ እጅጌያቸውን ያን ጊዜውኑ ሰበሰቡ። ዕድሜያቸውና ስኳራቸው አይፈቅድም ሲባሉ፣ ለራሳቸው በሽታ አልቅሰው የማያውቁት ሴት ያን ቀን አለቀሱ።

ሌላው ግን ፈራ። ፈርቶም አልቀረም፤ ቀለደ። ጋሼ ንጉሤ ታክሲዎቹ ተራ በሚጠብቁበት ቦታ፣ «መቅኔዬን ሰጥቼ መቅኖ ቢስ ልሁን እንዴ?» አለ። ሰው ሣቀ። ለቀልድ ነው ያለው። ቀልዱ ግን ከታክሲ ወደ ፓርኪንግ፣ ከፓርኪንግ ወደ ምግብ ቤት ዞረና ተመልሶ ሲመጣ ቀልድ አልነበረም። መቅኔውን የሰጠ ሰው ገንዘቡ አይበረክትም። መቅኔውን የሰጠ ልጅ አይወልድም። የሚወሰደው ከአከርካሪ ነው፤ አንዱ ሰጥቶ ሽባ ሆኗል። ማን? ስሙን የሚያውቅ የለም። የት? «እዚሁ አሜሪካ።»

ሁለት ቃል ስለተመሳሰለ ሰው ይሞታል? ይሞታል። አይቻለሁ።

የመጀመሪያው የምርመራ ቀን ሊንዳ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛዋን ዘርግታ ተቀመጠች። ሁለት የማውቃቸው ልጆችና አንድ የማላውቀው ሰው ደም ሰጡ። አራተኛው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ጠየቃት፤ «ለመስፍን ካልገጠምኩስ?»

ስምህ በመዝገቡ ይቆያል፤ ወደፊት ለሌላ በሽተኛ ከገጠምክ ትጠየቃለህ አለችው።

«ለማን?»

«ለማንኛውም ሰው። ማንነቱ አይነገርህም።»

ወደ እኔ ዞረ። «የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ?» አለኝ በአማርኛ፤ ተነስቶ ኮቱን ለበሰ።

ተናደድኩ። እስካሁንም ንዴቱ አለ፤ አልደብቅም። ያን ቀን ግን ንዴቱ ጠቀመኝ። ሊንዳን አንድ በአንድ ጠየቅኋትና በቃሌ ያዝኩት። በየፓርኪንጉ፣ በየታክሲ ተራው፣ በየምግብ ቤቱ ጓዳ እየገባሁ እንዲህ አልኩ፤ አሁንም ለናንተ እላለሁ።

መጀመሪያ የሚወሰደው ከክንድ ትንሽ ደም ነው፤ ለማንኛውም ምርመራ እንደሚሰጠው። አብዛኛው ሰው ከዚያ ወዲያ አይጠራም። ለአንድ በሽተኛ የገጠመ ሰው እንደገና ይጠየቃል፤ እሺ ካለ በመድኃኒት ያስተኙትና ከዳሌው አጥንት፣ ከኋላ በኩል፣ በመርፌ ይቀዱለታል። አከርካሪ አይነካም። ሲነቃ ወገቡን ያመዋል፤ ጥቂት ቀናት እንደ ሽማግሌ ይራመዳል። የተወሰደውን ሰውነቱ በሳምንታት ውስጥ ይተካዋል። ምንጭ ነው፤ ቢቀዱለት ይሞላል። መቅኖውም የትም አይሄድም።

የሰማኝ ሰማኝ። ያልሰማኝ፣ «አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል» አለኝ። እግዜርማ ያውቃል። ክንድ የሰጠን ምን ይሁን ብሎ ነው?

ሁለተኛው ቀን ለእሑድ ተቀጠረ። ከሱ በፊት ያለው ዓርብ መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ዓርብ ነው።

ዓርብ ሲመሽ ትኩሳት ያዘው። ይዤው ሄድኩ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሳንባው ተያዘ አሉኝ። ኢንፌክሽኑን የሚከላከል ደም አልነበረውም። አንድ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ ሊንዳን በሱ በኩል ስታልፍ አያትና፣ «ሲግናል አብሪ» አላት በአማርኛ። እሷ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ፤ መተርጎም አቃተኝ። ከሰዓት በኋላ ሞተ። ስለዚያ ሰዓት ሌላ አልጽፍም። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

አሁን የእሑድ ጠዋቱን ልናገር።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ገና ፀሐይ ሳትበረታ ሞላ። ወንበር ከቤተ ክርስቲያን መጣ። ኮሪደሩ፣ ደረጃው፣ የመኪና ማቆሚያው ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሰው ሆነ። ሥራ አለኝ ያለኝ ሰው አለ። እደውልልሃለሁ ያለኝ አለ። ኮቱን ለብሶ የተነሳው፣ የማን ልጅ ያለኝ ሰውዬ፣ እሱም ጥግ ይዞ ያለቅሳል። ለቅሶ አይቀርማ! ለቅሶ የቀረ ሰው በኛ ዘንድ ይቅርታ የለውም። ዌስትቼስተር ሌሊት ሲሠሩ ያደሩት ሹፌሮች የሆቴል ልብሳቸውን ሳያወልቁ መጡ።

ቁጭ ብዬ አየኋቸውና ሊንዳ ያለችው ነገር ትዝ አለኝ። ሰዎችህ የት ነው የሚሰበሰቡት?

ደረጃው ላይ ሰዎች መንገድ ለቀቁ። ሊንዳ ነበረች፤ አበባ ይዛለች። ሐዘኗን ከነገረችኝ በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የዛሬውን ሰርዘነዋል፤ አታስብ። ዕቃው መኪናዬ ውስጥ ነው፣ እመልሰዋለሁ» አለችኝ።

ወደ መስኮቱ አየሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

«አልተሰረዘም» አልኳት። «ዕቃውን አምጪው።»

የመስፍንን የምግብ ጠረጴዛ ወደ ሳሎኑ መሐል ጎትቼ አመጣሁ። ልቅሶው ቆመ። ሊንዳ መርፌዋንና የመስታወት ቱቦዎቿን ስትደረድር ጋሼ ንጉሤ ተነስቶ ወደ እኔ መጣ።

«ብሩኬ፣ ምንድን ነው ይኼ? ወንድምህ ገና አፈር አልቀመሰም። አልቅስ እንጂ። ነውር ነው።»

«ጋሼ ንጉሤ፣ ባለፈው ጊዜ ነውር አልነበረም። ለምን አልመጣህም?»

ቱቦዎቹን አየና፣ «አሁን ለማን ነው?» አለኝ። «እሱ የለም።»

«የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም» አልኩት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ጥግ ያለው ሰውዬ እንዲሰማ። «እንደ መስፍን የሚደማ ልጅ ይኖራል። ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ። እሱም ሰዎቹ የሚሰበሰቡት ለለቅሶው ይሁን?»

አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ አፍና ታለቅሳለች። ያኔ እትዬ ጽጌ ጭልፋ ይዘው ከጓዳ ወጡ። ለለቀስተኛው የሚቀርበውን ምግብ ሌሊቱን ሲሠሩ አድረው ዓይናቸው ቀልቷል።

«ስሙኝ!» አሉ። «ክንዱ ላይ ጥጥ የሌለበት ሰው ከዚህ ድስት አይቀምስም።»

«እትዬ ጽጌ፣ እኔኮ ስኳር አለብኝ» አለ አንዱ ሹፌር።

«ትናንት ባቅላቫዬን ስትጨርስ አልነበረብህም።»

በለቅሶ ቤት ይሣቃል? ተሣቀ። መስፍን ቢኖር ከሁሉ በላይ ይሥቅ ነበር።

መጀመሪያ የሆቴል ልብስ የለበሱት ሹፌሮች መጡ። ሊንዳ የኛን ስም መጻፍ ስለማትችል እኔ አጠገቧ ተቀምጬ በየቱቦው ላይ እጽፍላታለሁ። ወደ ኋላ ዞር ስል ሰልፍ ነበር። ጋሼ ንጉሤ በሩ ጋ ቆሞ ብዙ ቆየ። ወጥቶ ይሄዳል ብዬ ነበር። መጣና ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ጥቁር ሸሚዙ ደረቅ ነው፤ ለሐዘን ብቻ የሚለበስ። የእጅጌው ቁልፍ ተፈታ፤ ጨርቁ ግን ከክርኑ በላይ አልወጣ አለ። ጎተተ፤ እኔም ጎተትኩለት። እምቢ አለ። ሰው ሁሉ ያያል። በመጨረሻ ተናዶ ሸሚዙን አወለቀና፣ ያ የተከበረ ሰው በሴቶቹ ፊት በካናቴራ ተቀመጠ። ክንዱን ዘረጋልኝ።

«መቅኖዬ ከጠፋ የምጠይቀው አንተን ነው» አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ጠይቀኝ» አልኩት። ስሙን ጻፍኩ።

ስልኩ ጠዋቱን ሙሉ ሲጮህ ነበር። ሌሎች ያነሱታል፤ ያለቅሳሉ፤ ይዘጋሉ። የጋሼ ንጉሤ ቱቦ ሲሞላ ተነስቼ እኔ አነሳሁት። አንዲት ሴት ናት፤ ድምጿን አላውቀውም። ለቅሶ ልንደርስ ነው፣ ብዙ ነን፣ ከሩቅ ነው የምንመጣው፣ ቤቱ የት ነው አለችኝ። ከፌርፋክስ እንዴት እንደሚታጠፍ ነገርኳት። ምን ይዘን እንምጣ አለችኝ።

«ምንም አትያዙ» አልኳት። «እጅጌው የሚሰበሰብ ልብስ ለብሳችሁ ኑ።»